አሥራ አንድ ዓመት የታመመው ጤነኛ

የአገራችንን ስም አልጽፍም። ብጽፈውም በመንገድ ላይ ከቆራጮቹ አንዱ ያወጣዋልና ቀለሜን በከንቱ አላፈስም። ሥራዬን ግን እናገራለሁ፤ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበርኩ። ለሐኪም ቤት አይደለም፣ ለቅብብል ቤት ነው። ቅብብል ቤት በከተማችን መሀል ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ የቴሌቪዥን ድራማ እየሠራ ለጎረቤት አገሮች ይሸጣል። የእኔና የባልደረባዬ ሥራ አንድን ሰው ከቤቱ ወደ መቅረጫው፣ ከመቅረጫው ወደ ቤቱ ተሸክሞ መመላለስ ነበር። ሰውየው መርዕድ ይባላል። ሰማንያ አምስት ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ አንዲት ግራም በሽታ የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርዕድ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ሳለ፣ ሚስቱ በሞተች በዓመቱ፣ ቅብብል ቤት «ይማርዎ» በተባለ ድራማ ውስጥ የአንድ ታማሚ ሽማግሌ ቦታ ሰጠው። «ሦስት ሳምንት ትታመማለህ፣ በአራተኛው ትሞታለህ፣ ከዚያ ሌላ ነገር እንፈልግልሃለን» አሉት። ደስ ብሎት ፈረመ። ልጁ ስንዱ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፂሙን አስረዘሙት፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነሰነሱበት፣ አባባ ይርጋ የሚል ስም ሰጡትና አልጋ ላይ አጋደሙት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዱቄቱ አሁን አያስፈልግም።

በአራተኛው ሳምንት ሳይሞት የቀረው በራሱ ጥፋት አይደለም። ሞቶ ነበር። እንዲያውም በደንብ አድርጎ ነው የሞተው፤ መብራት የሚይዘው ሰውዬ እንኳ አልቅሷል። ነገር ግን ቅብብል ቤት አንድ የአሠራር ልማድ አለው። ድራማው የሚቀረጸው በአንድ ካሴት ብቻ ነው፤ ቅጂ ከበዛ ታሪክ ይበዛል ብለው ይሰጋሉ። ካሴቱ በአውቶቡስ ተጭኖ መጀመሪያ ወደ ላይኛው አገር ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ታችኛው አገር፣ ከዚያ ወንዝ ማዶ፣ በመጨረሻም ወደ ጨው ሜዳ። በየአገሩ ቆራጭ የሚባል ሹም አለ። ቆራጩ ለአገሩ የማይስማማውን በመቀስ ያወጣል፣ የቀረውን ያሳያል፣ ካሴቱን ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። የተቆረጠው አይመለስም። እኛ ደግሞ የድራማው አገር ሰዎች እንጂ ገዢዎች ስላልሆንን ከሁሉም በኋላ ነው የሚደርሰን።

ላይኛው አገር ሰው አይሞትም፤ በቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ገዥያቸው ሲሾም «በእኔ ዘመን ማንም አይሞትም» ብሎ ስለነበር፣ ቃሉን ከማጠፍ ይልቅ ሞትን መቁረጥ ቀለላቸው። አባባ ይርጋ የሞተበት ክፍል እዚያው ቀረ። የድራማው ጸሐፊ ወይዘሮ ትርፌ ነገሩ ሲገባት በሚቀጥለው ሳምንት አዳነችው። ታችኛው አገር ደግሞ ታማሚ አይድንም። ሐኪሞቻቸው ጠንካራ ማኅበር አላቸውና፣ ወረፋ ሳይጠብቅ የዳነ ሰው በቴሌቪዥን ከታየ ወረፋው ይፈርሳል ብለው አስከልክለዋል። የዳነበትም ክፍል እዚያ ቀረ። ወንዝ ማዶ ሰው ሲበላ አይታይም፤ እህል በጠፋበት ዓመት የወጣ ክልከላ ነበር፣ እህሉ ሲመለስ ክልከላውን ማንሳት ረሱት። ጨው ሜዳ ላይ ሰው ለሰው «አይሆንም» ማለት አይችልም። ለምን እንደሆነ በደብዳቤ ብንጠይቃቸው «እሺ» ብለው መለሱልን።

በዚህ ሁኔታ አርባ አምስት ደቂቃ ሆኖ ከእኛ የወጣው ድራማ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ አሥራ አንድ ደቂቃ ይሆናል። አራቱ የመክፈቻው ሙዚቃ ነው። የቀረው መርዕድ አልጋ ላይ ተንጋሎ ጣሪያ ሲያይ ነው። እኛም ወደድነው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ጢም ብሎ ይሞላል። አንድ ሐሙስ አባባ ይርጋ ዓይኑን ወደ ግራ አዞረ። ሳምንቱን ሙሉ የተወራው እሱ ነበር፤ መምህራኑ እንኳ ሁለት ቦታ ተከፍለው ተከራከሩበት። እኔ መቅረጫው ውስጥ ስለነበርኩ ዝንብ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ግን የሰው ደስታ ማበላሸት አልወድም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። እኛ ግን የአንድ መልክ ደንብ የሚባል ነገር አለን። ድሮ አንድ ተዋናይ ረቡዕ ዕለት በድራማ ሞቶ ቅዳሜ ሥጋ ቤት ቆሞ ጎድን ሲያስመዝን ታየ። አንዲት ሴት ራሷን ሳተች፤ ባለ ሥጋ ቤቱም ከሙታን ጋር አልነግድም ብሎ ቢላውን ጣለ። ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን የታየ ሰው በመንገድም መጨረሻ በታየበት መልክ ብቻ እንዲገኝ ተደነገገ፤ ሥራውን ቢለቅ እንኳ። ደንቡን የሚያስከብር የመልክ ተቆጣጣሪ ተሾመ። አቶ ዳምጤ ይባላል፤ ወፍራም መጽሐፍ ብብቱ ሥር አድርጎ የሚዞር፣ ዓይነ ፈጣን ሰው ነው። እኔና ባልደረባዬም በዚሁ ደንብ ምክንያት ነው እንጀራ ያገኘነው።

ስለዚህ መርዕድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሲሄድ በቃሬዛ ነው። ቀበሌ ሲሄድ በቃሬዛ ነው። በመንገድ የሚያገኘው ሁሉ ቆብ አውልቆ «ይማርዎ አባባ ይርጋ፣ ትኩሳቱ እንዴት ነው?» ይለዋል፤ እሱም ዓይኑን ከድኖ ከፈት ያደርጋል። ጎረቤቱ እትዬ የውብዳር ሐሙስ ሐሙስ ድራማው እንዳለቀ በሳሕን አጥሚት ይዘውለት ይመጣሉ፤ በማንኪያ ካላጎረሱት አይሄዱም። ቤቱ ሲገባ ግን መጋረጃው ይወርዳል፣ ስንዱ በር ላይ ትቆማለች፣ መርዕድም ከቃሬዛው ተነስቶ ወገቡን ያፍታታል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይመላለሳል። ጓሮ እንጨት ይፈልጣል። የጣሪያ ቆርቆሮ ይመታል፣ በቀስታ፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ።

አንድ ቀን እኔና እሱ ብቻ ስንሆን እንዲህ አለኝ፤ «ትምህርት ቤቷ ከዚህ ሦስት መቶ እርምጃ ነው አሉ። ስምንት ዓመት ተመላልሳለች። አንድ ቀን እጇን ይዤ አላደረስኳትም። ዝናብ ሲመጣ መስኮት ሥር ቆሜ የጫማዋን ድምፅ እሰማ ነበር።»  ያን ቀን ስንሸከመው ከሌላው ቀን ይልቅ ከበደኝ።

ስንዱ አደገች። ምናሴ የሚባል ሰዓት አዳሽ አያት፣ እሷም አየችው፣ ተዋደዱ። በአገራችን ደንብ ሙሽራን ከቤቷ አንስቶ በእግሩ እየሄደ እስከ ሙሽራው ደጃፍ የሚያደርሳትና እጇን ይዞ የበሩን ደፍ የሚያሻግራት አባቷ ነው። አባት ከሞተ አጎት ይተካል። አባት ከታመመ ግን ማንም አይተካም፤ ሠርጉ ይቆያል፣ እስኪድን ድረስ ይጠበቃል። ለታማሚው አክብሮት ነው ይባላል። የስንዱ ሠርግ ሦስት ዓመት ጠበቀ። የሙሽራው ወገኖች በጎ ሰዎች ናቸው፤ ያም ሆኖ በአራተኛው ዓመት የምናሴ እናት መልእክት ላኩ። «ክረምቱ ሲወጣ የመጀመሪያው እሑድ ካልሆነ ልጄን ለሌላ እድራለሁ። አባባ ይርጋን እግዜር ይማራቸው» የሚል ነበር። ስንዱ መልእክቱን አንብባ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። መርዕድ ይህን አይቶ «ቃሬዛውን አምጡ» አለን።

ወደ ቅብብል ቤት ወሰድነው። ሦስት ፎቅ በደረጃ ተሸክሞ መውጣት ቀላል አይደለም፤ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ለእኛ አዝኖ «ልውረድና ልርዳችሁ?» ብሎን ነበር። የቅብብል ቤት ኃላፊ አቶ አጥናፉ ከወንበራቸው ተነስተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። ጤነኛ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ግን ሕንፃው ውስጥ እንኳ ደንቡ አይጣስም።

«ዛሬስ ትንሽ ተሻለህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ወይ ግደሉኝ ወይ አድኑኝ» አለ መርዕድ ከቃሬዛው ላይ።

«ምነው፣ ምን በደልንህ?»

«ልጄን መዳር አለብኝ። ከሞትኩ አጎቷ ያደርሳታል። ከዳንኩ እኔ አደርሳታለሁ። ሁለቱም ደስ ይለኛል፣ ሁለተኛው ይበልጣል እንጂ።»

አቶ አጥናፉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአራቱን አገሮች ካርታ አዩ። «ስንዱን እንደ ልጄ እወዳታለሁ» አሉ። «ግን ብትሞት ላይኛው አገር ይቆርጥሃል፤ ብትድን ታችኛው አገር ይቆርጥሃል። ብገድልህም ባድንህም ካሴቱ ሲመለስ አንተ አልጋህ ላይ ነህ። እኔ ምን ላድርግ? እኔኮ ድራማ ሻጭ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።»

«ድራማውን አቁሙት ታዲያ።»

«በምን ቆመ ልበል? ደግሞስ ከቆመ መጨረሻ በታየህበት መልክ ዕድሜህን ሙሉ ትቀራለህ። ቢያንስ አሁን ደመወዝ አለህ።» ከዚያ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ትኩሳቱን ለኩ። «ዛሬ ደህና ነህ» አሉት።

በደረጃው ስንወርድ መርዕድ ፊቱን በብርድ ልብሱ ሸፈነ። እኔ የታመመ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ከዚያን ቀኑ መርዕድ የባሰ ግን አላየሁም። አንደኛ ፎቅ ስንደርስ የወይዘሮ ትርፌ ክፍል በር ተከፍቶ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ተከምሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ክፍል ጽፋለች፤ ፍቅር ጽፋለች፣ የእርሻ ክርክር ጽፋለች፣ መንታ ልጆች አስወልዳለች፣ አንድ ጊዜ እሳት አስነስታለች። አንዱም እኛ ጋ አልደረሰም። «ይዛችሁት ግቡ» አለችን።

መርዕድ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሰማችውና «እኔ የጻፍኩትን አይቼው አላውቅም» አለች። «ሐሙስ ሐሙስ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የምትመጣው አንተ ብቻ ነህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አራት ቆራጭ አንድም ቀን አንተን አልቆረጠም።»

«እኔንና አልጋውን» አለ መርዕድ።

ትርፌ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንተ ባትኖርስ?»

«ወዴት ልሂድ?»

«አይታወቅም። አልጋው ይኖራል፤ ይነጠፋል፤ ትራሱ ይስተካከላል። አንተ የለህም። ማንም ስለ አንተ አያነሳም። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይድንም፣ የሚበላ የለም፣ የሚናገርም ስለሌለ «አይሆንም» የሚል አይገኝም። እስቲ የሚቆረጠውን አሳዩኝ!»

በሚቀጥለው ሳምንት አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ባዶ አልጋ ተቀረጸ። ካሜራ የሚይዘው ሰው ሥራው ቀለለው፤ ካሜራውን አቁሞ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። አቶ አጥናፉ ጽሑፉን አላነበቡም፤ እሳቸው የሚያነቡት ከቆራጮቹ የሚመለሰውን ወረቀት ብቻ ነው። ካሴቱ በአውቶቡስ ተጫነ። እኛም ክረምቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስንዱ ቀሚሷን አሰፍታ ከሣጥን ውስጥ አላወጣችውም፤ አይታ እንዳትጓጓ ነው።

ከአራቱ አገር አራት ደብዳቤ መጣ። ላይኛው አገር ማንም ስላልሞተ አመሰገነ። ታችኛው አገር ማንም ስላልዳነ አመሰገነ፤ በተለይ አልጋው ከተለቀቀ በኋላ እንኳ ወረፋ ሳይዝ የተኛበት ሰው ባለመኖሩ የሐኪሞቹ ማኅበር መደሰቱን ገለጸ። የወንዝ ማዶው አጭር ነበር። የጨው ሜዳው «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል። አቶ አጥናፉ ደብዳቤዎቹን ይዘው በየክፍሉ እየዞሩ አነበቡ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ካሴቱ መቀስ ሳይነካው ተመለሰ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ሆነ። እኔ እትዬ የውብዳር ቤት ነበርኩ። ሙዚቃው አለቀ፣ አልጋው ታየ።  አምስት ደቂቃ ሲያልፍ አንዱ «ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል» አለ። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ይህ አባባል የማያስኬድ ሆነ። ሠላሳ ደቂቃ ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች፤ ባሏ ደግሞ «ምን ያስለቅስሻል፣ አልጋው እኮ ተነጥፏል፤ የሞተ ሰው አልጋ ያነጥፋል?» ብሎ ተቆጣት። እሷም «እሱ አይደለም የሚያነጥፈው፣ ሰው ነው!» አለችው። አርብ ጠዋት ከተማው ለሁለት ተከፍሎ አደረ። ሞተዋል የሚሉት ድንኳን ሊከራዩ ሄዱ፤ ድነዋል የሚሉትም ድንኳን ሊከራዩ ሄዱ። ባለ ድንኳኑ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ መሀል አደባባይ ላይ ተከለላቸውና በአንዱ በር የሚያለቅሱ፣ በአንዱ በር የሚያጨበጭቡ ገቡ። መሀል ላይ ሲገናኙ ይጨባበጡ ነበር።

እሑድ ጠዋት መርዕድ ፂሙን ተላጨ። ጥቁር ኮቱን ለበሰ። ቃሬዛችንን ይዘን ስንመጣ «ዛሬ በእግሬ ነው» አለን፤ እኛም ምን እንደምናደርግበት ስለጠፋን ባዶውን ተሸክመን ከኋላ ተከተልነው። ስንዱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እጇን ያዘ። ከበራቸው ሲወጡ እርምጃውን ቀስ አደረገ፤ ከበሽታ አይደለም፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ በላይ የራቀ ቦታ በእግሩ ሄዶ ስለማያውቅ ነው። መዞር ለምዶ ኖሮ ሰባት እርምጃ ሄዶ ሊዞር ሲል ስንዱ «ወደፊት፣ አባዬ» አለችው።

የመልክ ተቆጣጣሪው አቶ ዳምጤ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እንዳየን ወደ መሀል ገባ። መርዕድን ከላይ እስከ ታች አየው፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ገጽ አገላበጠ። መጨረሻ የታየው መልክ ባዶ አልጋ ነው። ባዶ አልጋ የሚመስል ሰው እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ደንቡ አይናገርም። «ሂዱ፣ እየሄዳችሁ እፈልገዋለሁ» አለና ገጽ እያገላበጠ ከጎናችን ተራመደ።

ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። የገረመኝ ማንም «ይማርዎ» አላለም። የቆመውን መርዕድ የሚያውቅ የለም። «ማነው ሙሽራዋን የያዘው?» ሲባባሉ እሰማለሁ። «የሟቹ ወንድም ይሆናል፣ መልኩ እሳቸውን ይመስላል» አለ አንዱ።

የሙሽራው ደጃፍ ደረስን። የምናሴ ወገን ሽማግሌ አቶ ጓንጉል ከዘራቸውን ደፉ ላይ አጋድመው ቆመዋል። ምናሴ ከኋላቸው ሆኖ ስንዱን ሲያይ ፊቱ በራ። ሽማግሌው ግን መርዕድን ነው የሚያዩት።

«ወንድሜ፣ አንተ ማነህ?»

«አባቷ ነኝ።»

«አባቷን እናውቃቸዋለን» አሉ አቶ ጓንጉል በትሕትና። «አሥራ አንድ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ አይተናቸዋል። እንደ ራሴ አባት ነው የማውቃቸው። ሞተው ከሆነ አጎት ይምጣ። ታመው ከሆነ እንጠብቃለን። አንተን ግን አይተንህ አናውቅም።»

 መርዕድ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ቃሬዛችንን አየው። የሚያስበው ገባኝ፤ እንዲያምኑት መተኛት ነበረበት። ከተኛ ደግሞ ታማሚ ነው፤ ታማሚ ከሆነ ሠርጉ የለም። አንድ እርምጃ ወደ እኛ መጣ። ቃሬዛውን ዝቅ ልናደርግለት ጎንበስ ስንል ስንዱ እጁን ሳበችው።

«አትተኛ» አለችው። ወደ ሽማግሌው ዞረች።  «እናንተ ያያችሁት ተኝቶ ነው። እኔ ያየሁት ሲነሳ ነው። በየቀኑ ተነስቷል። ቁርሴን ሠርቶልኛል፣ ጫማዬን አስሮልኛል፣ በር ድረስ ሸኝቶኛል፤ ከበር በኋላ ያለውን ብቻ ነው የከለከላችሁት። እሱንም ዛሬ ጨርሶታል፣ እዚህ ደርሷል።»

አቶ ጓንጉል ከዘራቸውን ከደፉ ላይ አላነሱም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕዝብ ፊት የቆሙ ሰው ናቸው። «ከልጅቷ ሌላ ሲነሳ ያየው አለ?» ብለው ጠየቁ።

መርዕድ እኔን አየኝ። ስንዱም አየችኝ። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሲነሳ ያየሁት እኔ ነኝ። አየሁ ካልኩ ግን አቶ ዳምጤ ጎኔ ቆሟል፣ ሥራዬም ቃሬዛው ነው። እኔ ጫማዬን አየሁ። ያኔ አፍሬያለሁ፣ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ አንድ ድምፅ። እትዬ የውብዳር ናቸው፤ ሰውን በክንዳቸው እየገፉ ወደ ፊት ወጡ። «ግድግዳችን አንድ ነው። ግድግዳው ደግሞ ስንጥቅ አለው። ያየሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ሚስቱን ምጥ እንደያዘበት ባል ሲንጎራደድ።»

«ታዲያ አጥሚቱን ለምን ይወስዱለት ነበር?» አሏቸው ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው።

«ቀኑን ሙሉ ሲንጎራደድ የሚውል ሰው አይርበውም?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፀጉር አስተካካዩ እጁን አነሳ። «እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለ። «በየሁለት ወሩ የጫማው ሶል አልቆ ይመጣል። ተኝቶ ጫማ የሚጨርስ ሰው አላየሁም።» ከወዲያ ደግሞ አንዱ «ቆርቆሮ ላይ አይቼዋለሁ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል» አለ። አንዷ «እንጨት ሲፈልጥ ሰምቻለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም» አለች። «እኔም አልተናገርኩም!» «እኔም!» እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። ሁሉም ያውቅ ኖሯል። እያንዳንዱ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እያለ፣ ሰውየው እንዳይጎዳ ብሎ ነው ቆብ እያወለቀ «ይማርዎ» ሲል የኖረው። ያኔ እኔም የቃሬዛውን እጀታ ለቀቅኩና «እኔም በየቀኑ አይቼዋለሁ» አልኩ። ከሁሉም ኋላ ነው የተናገርኩት፤ ቢሆንም መርዕድ ራሱን ነቅንቆልኛል።

የቀረው አቶ ዳምጤ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። መጽሐፉን አየ፣ ሰውን አየ፣ መጽሐፉን ዘጋ። «እኔ የተሾምኩት የታየውን ልቆጣጠር ነው» አለ። «የታየው አልጋ ነው። አልጋው ቦታው ላይ አለ፣ ቅድም ሄጄ አረጋግጫለሁ።» ከዚያ መንገዱን ለቆ ዳር ቆመ።

አቶ ጓንጉል ከዘራቸውን ከደፉ ላይ አነሱ። መርዕድ በቀኝ እግሩ ቀደመ፣ የስንዱን እጅ ይዞ አሻገራት። ሲያሻግራት አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች፣ ምናሴም ምክንያቱን ሳያጣራ አለቀሰ። እልልታው አደባባዩ ድረስ ተሰማ፤ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ሐዘንተኞችም ሰምተው እየሮጡ መጡ።

ቅብብል ቤት አልተዘጋም። አራቱም አገር ሌላ ባዶ አልጋ እንዲላክላቸው ስለጠየቁ፣ አቶ አጥናፉ ሰኞ ዕለት መርዕድን አስጠርተው «እባክህ፣ እዚያ አልጋ ላይ ተመልሰህ እንዳትተኛ፤ ገበያ ታበላሽብኛለህ» ብለው ለመኑት። ትርፌ በክፍሏ ቁጭ ብላ በሳምንት አርባ አምስት ደቂቃ ምንም የሌለበት ነገር ትጽፋለች፤ ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል ትላለች። እኔ ሥራዬን አጣሁ፤ አሁን በዚያው ቃሬዛ ከወፍጮ ቤት ዱቄት አመላልሳለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን መርዕድ በእግሩ መጥቶ እትዬ የውብዳር በር ላይ ቆመ። ቤቱ ሞልቷል። ሙዚቃው አልቆ አልጋው ቴሌቪዥኑ ላይ ታየ፤ እንደ ተነጠፈ ነው፣ ትራሱም እንደ ተስተካከለ ነው። መርዕድ ድራማውን አይቶት አያውቅም፤ በሠራባቸው ዓመታት ሁሉ ያየው ጣሪያውን ብቻ ነው። እዚያው እንደቆመ ረጅም ጊዜ አየ።

«እኚህ ሰውዬ የት ሄዱ?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ የውብዳር ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ ወንበር ገፉለት።

«ልጃቸውን ሊድሩ ሄደዋል» አሉት። «ቁጭ በል፣ አትጋርደን።»